የእግር ልክ

ነርሷ ደም አያስፈራትም። አሥራ አንድ ዓመት በድንገተኛ ክፍል ስትሠራ ያላየችው ጉድ የለም። ሌላው ፊቱን ሲያዞር እሷ ናት የበሽተኛውን እጅ ይዛ «አይዞህ፣ እኔን እያየህ ተንፍስ» የምትለው። ታዲያ በዚያ ሰኞ ጠዋት ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ለመግባት ስትፈራ ያያት ሰው ምን ነክቷት ነው አይልም? ሱቁ የጫማ ሠሪ ሱቅ ነው። ጫማ ሠሪው ደግሞ የቀድሞ ባሏ ነው።

በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች። ወፍራም ነው፤ ማህተምም ቁጥርም አለው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሆስፒታል ሥራ ሰጥቷታል፤ ቪዛውም ለእሷም ለልጇም ወጥቷል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጃቸው ከአገር እንድትወጣ በዚህ ወረቀት ላይ የአባትየው ፊርማ። እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ የልጅቷ ፈቃድ ይሰረዛል። «እናትየዋ ግን ብቻዋን መሄድ ትችላለች» ይላል አብሮት የመጣው ደብዳቤ። ትችላለች! ይህን የጻፈው ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም መሰለኝ።

«እሱ ከፈረመ ከምላሴ ላይ ፀጉር ይነቀል!» ብላት ነበር ታላቅ እህቷ፣ እሑድ ከሰዓት ልብስ እያጣጠፉ። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ደጃችንን ያልረገጠ ሰው ዛሬ እጁ ላይ ስትወድቂ ሊምርሽ? ጭራሽ ልጅቷን ቀምቶሽ ቁጭ ይላል።»

«ኧረ እሱ እንደዚያ አያደርግም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

አላወቀችም። የሚያስፈራትም ይኸው ነበር። አምስት ዓመት አብራው ኖራ የዚያን ሰው ሆድ አታውቀውም። በደህናው ቀን እንኳ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። አባቷ ደግሞ ዳኛ ነበሩ፤ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አማቻቸውን አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ ሰውዬ» ነበር የሚሉት። እሷ ግን ያንን ሁሉ ችላ ነበር። ያልቻለችው ዝምታውን ነው። አንድ ቀን በትንሽ ነገር ተጣሉና የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ስትወጣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አስቀምጣለት ነበር። «ሦስት ቀን እጠብቅሃለሁ። ከፈለግኸን መጥተህ ውሰደን» ነው የሚለው። ሦስቱንም ቀን ወደ መንገድ ከሚያሳየው መስኮት ሥር አልራቀችም። በሦስተኛው ቀን የአባቷ ጫማ በኮሪደሩ ላይ ሲጮህ እሱ የመጣ እየመሰላት ስንቴ ተነሥታ ስንቴ ተቀመጠች! እሱ ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲያ የተገናኙት በፍርድ ቤት ነው።

እንግዲህ በዚህ ልቧ ነው በሩን ገፍታ የገባችው።

ጫማ ሠሪው ቀና አላለም። ልማዱ ነው፤ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው። የነጭ ጫማዋን ተረከዝ ትንሽ ሲያይ ቆየና መዶሻውን አስቀመጠ።

«ተረከዝሽ በውጭ በኩል አልቋል» አለ። «ደክሞሻል ማለት ነው።»

ከአራት ዓመት በኋላ ብቻቸውን ሲቀሩ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። እሷ የመጣችበትን ንግግር መንገዱን ሁሉ ስታጠናው ነበር፤ ይህችን ስትሰማ ግን ሁሉም ከአፏ ጠፋ። ወረቀቱን ዘረጋችለት።

ጫማ ሠሪው እጁን በሽርጡ ጠርጎ ተቀበላት። አንዴ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ በፊቱ ደፍቶ ከጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ረቡዕ ነይ።»

«አሁን ብትፈርምልኝ እኮ...»

«ረቡዕ።»

ማስቲሹ ሳይደርቅ ጫማ አስረክቦ የማያውቅ ሰው መሆኑን ታውቃለች። ፊርማም እንደ ጫማ ነው እንዴ? ልትለው አሰበችና ፈራች። ቢቆጣስ? «እንግዲያው አልፈርምም» ቢልስ? በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ከወጣች በኋላም ዓይኑ ከተረከዟ ላይ እንዳልተነሣ እየተሰማት መንገዱን ሙሉ ስትፈራ ሄደች።

*

ማክሰኞ ልጅቷ አባቷ ዘንድ የምትውልበት ቀን ነው። ልጅቷን ሰው ሁሉ የሚጠራት ፌንጣ ብሎ ነው። መራመድ ሳትጠነክር መዝለል የጀመረች፣ ሱቅ ስትላክ እንኳ በግራ እግሯ ብቻ እየዘለለች የምትሄድ ልጅ ሌላ ምን ትባላለች?

ያን ቀን ግን ፌንጣ ማምሻውን ወደ ቤት የተመለሰችው እየተራመደች ነው። እናትየዋ ገና በር ላይ ተቀበለቻት።

«አባ ምን አለሽ?»

«ምንም። እግሬን ለካኝ።»

«ስለ ወረቀቱስ?»

ልጅቷ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። «እኔ እነግራታለሁ ብሏል።»

«ምኑን?»

«እኔ እነግራታለሁ ብሏል አልኩሽ እኮ፣ እማ!»

ነርሷ ልጇን አቅፋ ፀጉሯን ሸተተች። ፀጉሯ ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል። ይህቺን ልጅ ትታ አውሮፕላን ስትሳፈር በዓይነ ኅሊናዋ ታያት፤ ደረጃውን ስትወጣ፣ ዞር ስትል፣ ማንም ሳይኖር። ሻንጣዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ትልቁና ትንሹ። ትንሹን ማየት አልቻለችም፤ በልብስ ሸፈነችው።

*

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ሱቁ ጋ ደረሱ። ፌንጣ ከደጅ ቀርታ በእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ላይ መዝለል ጀመረች። እናትየዋ ገባች።

ቆሞ ነው የጠበቃት። ፊቱ ያልተኛ ሰው ፊት ነው። መሳቢያውን ሳበና ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋላት።

ወረቀቱ መሃሉ የለም።

መጀመሪያ ያየችውን አላመነችም። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት፣ ልክ የእግር ቅርጽ ሆኖ፣ በስለት ጥርት ተደርጎ ተቆርጧል። የወረቀቱ ቁጥር ግማሹ ሄዷል። አባት የሚፈርምበት መስመር ከነጭራሹ የለም። በቀዳዳው ውስጥ የገዛ እጇ ይታያታል።

«ይሄ ምንድነው?»

እሱ መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋ።

«አንተን እኮ ነው! ምንድነው ይሄ?»

«ቆረጥኩት» አለ።

«መቁረጥህንማ አየሁ! አልፈርምም ማለት አቅቶህ ነው? አፍ የለህም? ወይስ አንተ የምትናገረው በቢላ ነው?» ድምፅዋ ከቁጥጥሯ ወጥቷል። ፍርሃቷ እንደሆነ አላወቀችም፤ ንዴት መሰላት። «እውነታቸውን ነበር አባቴ! ዕድሜውን ሙሉ ሰው እግር ሥር የኖረ ቀና ብሎ ሰው አያይም ሲሉኝ እንዴት እንደተጣላኋቸው! ለካ እውነታቸውን ነው!»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ብትመልሰው በወደደች። በአምስት ዓመት ትዳርም በአራት ዓመት ፍችም ይህን አንድም ቀን ብላው አታውቅም። እሱ የሽርጡን ጫፍ ብቻ በጣቶቹ ጨበጠ።

ዓይኑን ላለማየት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። እዚያ ላይ ነው ያየቻቸው።

ቀይ የልጅ ጫማ። አጠገቡ ሌላ ቀይ የልጅ ጫማ፣ ያው ዓይነት ማሰሪያ ያለው፣ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ገና ሶል ያልገባለት። ከዚያ ቀጥሎ በክር የታሰረ ቁርጥራጭ ቀይ ቆዳ። ከእሱም ቀጥሎ ሌላ እስር፣ የሁሉም ትልቅ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር።

«የማን ናቸው?» አለች፣ ድምፅዋ አንሶ።

«የእሷ።»

«ይሄ ትልቁስ?»

«የእሷ። የአሥር ዓመቷ።» መጥቶ ያለቀውን ጥንድ አነሣና ግራውን ገልብጦ አሳያት። «ግራዋ ቀድሞ ያልቃል። እዚያ ያለ ሰው ይሄን አያውቅም። ሶሉን ድርብ አደረግኩት። በስድስት ወር የጥፍር ያህል ታድጋለች፤ ቆጥሬ ነው የቆረጥኩት። ብሳሳት እንኳ ብዙ አልሳሳትም።»

«መቼ ጀመርካቸው?»

«ሰኞ። አንቺ እንደወጣሽ።»

ነርሷ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ዝርፍጥ አለች። ሰኞ! እሷ በፍርሃት መንገዱ ሲዞርባት እሱ ቀይ ቆዳ እየመረጠ ነበር።

«ወረቀቱስ?»

«ፊቱን ማየት አቃተኝ።» ጫማውን ወደ ቦታው መለሰ፤ አስተካክሎ፣ ቀስ ብሎ። «ሰኞ ገልብጬ አኖርኩት፤ እንደተገለበጠ ዋለ። በዚያ በኩል ነጭ ነው። ወፍራምም ነው፣ ለልክ ይመቻል። ትናንት ስትመጣ እግርሽን አምጪ አልኳትና እጄ ያገኘውን አንሥቶ መሬት አነጠፈ። በእርሳስ ዞርኩት። ቆረጥኩት። ልጅቷ ናት "አባ፣ ጽሑፍ አለው እኮ" ያለችኝ።»

በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

«ታዲያ ለምን ትናንትና አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«አውቆ ነው እንዳትዪ።»

ያለችውም እሱኑ ነው። እሱኑ ብቻ ብትል ምን ነበረበት! ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። 

«ሌላ ወረቀት ይሰጣሉ?» አለ።

«አባትየው ራሱ በአካል ከቀረበ ይሰጣሉ።»

ጫማ ሠሪው ሽርጡን ፈትቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ሱቁን በሥራ ቀን ሲዘጋ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ቁልፉን ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው እንዳገባው አየች፤ የእሱም ፍርሃት እንደ እሷ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ አስፈራት።

*

ሦስቱ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ፌንጣ መሃል ላይ ሁለቱንም እጅ ይዛ እየዘለለች። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆም ብላ ፈገግ አለችላቸው። አንድ ቤተሰብ መስለዋታላ! ነርሷ ቶሎ ቶሎ ተራመደች።

የሰነድ ቢሮው ወረፋ ማለቂያ የለውም። ሰልፉ ለምሳ ተቋርጦ ተቀጠለ። ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት፣ አሥር ተኩል። በግድግዳው ሰዓት ላይ ቀጭኗ ዘንግ ስትዞር ነርሷ ዓይኗን ከእሷ አልነቀለችም። በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ደረሱ። መዝጋቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። የተቆረጠውን ወረቀት አንሥታ በቀዳዳው ውስጥ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ይሄን ምን በላው? አይጥ እንኳ እንዲህ አሳምሮ አይበላም።»

«እኔ ነኝ» አለ ጫማ ሠሪው።

«የእኔ እግር ነው!» አለች ፌንጣ፣ ግራ እግሯን ወደ መስኮቱ አንሥታ።

መዝጋቢዋ ሳቋ መጣባት፤ ግን ወዲያው ሰበሰበችው። አዲስ ቅጽ አወጣች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤ ድምፅዋም አብሮ ወረደ።

«ሕጉ ስለሚል ነው የምጠይቅዎት። ከፈረሙ በኋላ ልጅቷ የት እንደምትኖር የምትወስነው እናትየዋ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«ያስገደደዎት ሰው አለ?»

ጫማ ሠሪው ዝም አለ። ያ የታወቀ ዝምታው! እስክሪብቶው እጁ ላይ ነው። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። ነርሷ እስክሪብቶውን ብቻ ታያለች። እዚህ ደርሶ ሐሳቡን ቢለውጥስ? ፈርም በልልኝ አምላኬ፣ ፈርም በልልኝ ትላለች በልቧ። ግን ከዚያ ጸሎት ሥር ሌላ ነገር ሲንቀሳቀስ ሰማችው። ቢፈርምስ? ዝም ብሎ ፈርሞ፣ «ቅሪ» ሳይለኝ፣ በሰላም ግቢ ብሎኝ ቢሄድስ? አራት ዓመት ሙሉ በንዴት ከድና ያኖረችው ነገር ይህ ነበር። የትኛውን ይበልጥ እንደምትፈራ ለራሷ መንገር አልቻለችም።

«አልተገደድኩም» አለ በመጨረሻ። «ፈርቻለሁ ግን። እሱ የሚጻፍበት ቦታ አለው?»

መዝጋቢዋ ወረቀቱን አየት አደረገች፤ የሌለውን ቦታ የምትፈልግ ይመስል። «የለውም፣ ወንድሜ» አለች፣ በዝግታ።

«እንግዲያው ይቅር።»

ፈረመ። ማስቲሽ የጠቆረበት አውራ ጣቱ ከወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ አሻራ ተወ። ማህተሙ ጧ ብሎ ሲያርፍ ነርሷ ደነገጠች። ስትመኘው የኖረችው ድምፅ ነው፤ አንድ ነገር ከእጇ ወድቆ የተሰበረ መሰላት።

*

ከቢሮው ፊት ለፊት ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለ። ፌንጣ ደረጃ በደረጃ እየዘለለች ወረደች። ሁለቱ ላይ ቀሩ።

«ሱቁን ልክፈት» አለ። «ሦስቱ ጥንድ ይቀራል። በረራችሁ በስንት ቀን ነው?»

«በዘጠኝ ቀን።»

«ይደርሳል።»

ሊወርድ አንድ እግሩን ሲያነሣ እጅጌውን ያዘችው። «ለምን ቅሪ አላልከኝም?»

«ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

እጅጌውን አልለቀቀችም።  እሱ ዓይኗን አየ፤ እግሯን ሳይሆን ዓይኗን።

«እሱን ነው የፈራሁት» አለ። «ብልሽ ትቀሪ ይሆናል ብዬ። ከዚያ ዕድሜሽን ሙሉ በእኔ ምክንያት እንደቀረሽ ስታስቢ ልትኖሪ ነው።»

«ያኔስ?» እንባዋ መጣ፤ ማቆምም አልፈለገችም። «ያኔ ግን ና ውሰደን ብዬህ ነበር! ሦስት ቀን ሙሉ! ያኔ ብትመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ ወረቀት...»

«መጥቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ደብዳቤሽን ባየሁ በማግስቱ። እንደ ልማዴ በጓሮው በር ነው የመጣሁት፤ አባትሽ ናቸው የከፈቱልኝ። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ምን እንዳመጣኝ አልጠየቁኝም። ገብተው አንድ ጥንድ ጫማ ይዘው ወጡ። "ሶሉ አልቋል፤ ሠርተህ ላክልኝ" ብለው ሰጡኝና በሩን ዘጉ።»

«አንተስ?»

«ይዤው ሄድኩ።»

«ይዘኸው ሄድክ! በሩን አትደበድብም? ስሜን ጠርተህ አትጮህም?»

«አላውቅበትማ።» አንገቱን ደፋ። «የማውቀውን ሠራሁ። ሁለቱንም ሶል ለወጥኩ። የጠርዙን ስፌት የእኔን ስፌት አደረግኩት፤ ድሮ ትለዪው አልነበር? ስታዪው ታውቂዋለሽ፣ እንደመጣሁ ይገባሻል ብዬ። ሦስቱ ቀን ሳያልፍ እንዲደርስ ስል ማስቲሹ ሳይደርቅ ላክሁት። በሕይወቴ ሳይደርቅ ያስረከብኩት ጫማ እሱ ብቻ ነው። ሲረገጥ ይጮህ ይሆናል ብዬ አፍሬ ነበር።»

ሲረገጥ ይጮህ ይሆናል! ነርሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የአባቷ ቤት ኮሪደር፣ የሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ያ ጫማ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል። እሱ የመጣ እየመሰላት ከመስኮቱ እየተነሣች፣ አባቷ ሆነው ስታገኛቸው ተመልሳ እየተቀመጠች። ለካስ እሱ ነበር! ደጋግሞ ጠርቷት ነበር፤ እሷ መስኮቱን እንጂ ወለሉን አላየችም።

«ሰምቼህ ነበር» አለች። «ሰምቼህ ነበር እኮ። አንተ መሆንህን ነው ያላወቅኩት።»

እሱ ምን እንደሚል አላወቀም፤ ምንም አላለም። ዝምታው ግን ያን ቀን አላስከፋትም። ውስጡ ምን እንዳለ አሁን ታውቃለች።

ዝቅ ብላ ጫማውን አየች። ዓመታት አብረውት የኖሩ ናቸው፤ የቀኙ ጎኑ ተቀድዶ እንደነገሩ ተሰፍቷል። የሰውን ሁሉ ሲሠራ የራሱን አይቶት አያውቅም።

«ፌንጣ! ከቦርሳሽ ደብተርሽን አምጪ፤ እርሳስም።»

ልጅቷ እየዘለለች መጣች። ነርሷ ከደብተሩ መሃል ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገንጥላ ከደረጃው ላይ አነጠፈች፤ ከፊቱም ተንበረከከች። መንገደኛ ያያል፤ ይይ።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አውልቅ አልኩህ።»

«ሰው እያየ...»

«አባ፣ እሷ እኮ ስትቆጣ አትወዳትም» አለች ፌንጣ።

አወለቀ። እግሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ነርሷ እርሳሱን ተረከዙ ጋ አስጠግታ መዞር ጀመረች። ስንት ቀጭን የሕፃን ደም ሥር ያገኘው እጇ፣ ስቶ የማያውቀው እጇ፣ ዛሬ እርሳሱን አዘነበለ።

«እማ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጊው! ካዘነበልሽው ይሰፋል፣ አባ ነው ያሳየኝ።»

ቀጥ አደረገችው። «እኔ ጫማ መሥራት አልችልም» አለች፣ ቀና ሳትል። «መግዛት ግን እችላለሁ። እዚያ ይበርዳል አሉ። ወፍራም ጫማ እገዛና ከቤቴ በር ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ከፌንጣ ቀይ ጫማ አጠገብ። አንድ ቀን የቀይ ጫማዎቹን ልክ ለማየት ለሚመጣ ሰው። ዘጠኝ ላይ ብትሳሳት፣ አሥር ላይ ብትሳሳት፣ ማን ያስተካክልልሃል?»

«እፈራለሁ» አለ። «አውሮፕላኑንም፣ አገሩንም፣ ሁሉንም።»

«እኔም እፈራለሁ። ዛሬ ብቻ እኮ አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ ተኝቼ አላደርኩም። እየፈራህ ና።»

በትንሿ ጣቱ ዞረች፣ ወደ ተረከዙ ወረደች፣ ከጀመረችበት ደረሰች። መስመሩ ገጠመ። ልኩ አልቋል፤ እግሩን ማንሣት ይችላል። እሱ ግን አላነሣም፤ እሷም አንሣ አላለችውም።